በሰውነት ማጠንከሪያ ቤት ቀለል ያለ መኳኳያ ስለ መቀባት

ሰው ከቤቱ ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ፣ ጠጉሩን አበጥሮ፣ ልብሱን አስተካክሎ መውጣቱ ራሱንም ሌላውንም ማክበሩን የሚያሳይ የጨዋነት ምልክት ነው። በአገራችንም ኩል መኳል፣ እንሶስላ መሞቅ፣ ጠጉርን ቅቤ መቀባት ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ልማድ ነው። አዲስ የሆነው መኳኳሉ ሳይሆን ተኳኩሎ የሚኬድበት ስፍራ ነው። በከተሞቻችን በተለምዶ «ጂም» የሚባሉት የሰውነት ማጠንከሪያ ቤቶች እየበዙ ስለ ሄዱ፣ ብዙ ሴቶች ወደነዚህ ቤቶች ሲሄዱ ፊትን ጥቂት መቀባባት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ጥያቄ ያቀርቡልናል።

በዚህ ነገር ላይ የሚሰማው አነጋገር ሦስት ዐይነት ነው። አንዳንዱ «ላብ ሊያልበው ለሚሄድ ሰው ቀለም ምን ያደርግለታል?» ብሎ ይሥቃል። ሌላው «ቆዳው ታፍኖ ይበሰብሳል» እያለ ያስፈራራል። ነጋዴው ደግሞ «ይህ ቅባት ማንንም አይጎዳም» እያለ ይሸጣል። ሦስቱም ከእውነቱ የራቁ ስለ ሆኑ፣ ነገሩን በየተራ ልንገልጽ አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የአንዲት መምህርት ጥያቄ

ወደዚህ ጽሑፍ የመራን የአንዲት መምህርት ጉዳይ ነው። እኒህ መምህርት ዕድሜያቸው ወደ 40 የሚጠጋ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። የደም ግፊታቸው ከልክ በላይ እየወጣ ስለ ሄደ፣ ሐኪማቸው ጨው እንዲቀንሱና በየሳምንቱ ሰውነታቸውን የሚያንቀሳቅሱበት ጊዜ እንዲመድቡ መከራቸው። እርሳቸውም ምክሩን ተቀብለው በሠፈራቸው በሚገኝ የሰውነት ማጠንከሪያ ቤት ተመዘገቡ፤ የአንድ ወር ክፍያም ከፈሉ። ይሁን እንጂ የሄዱት ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ምክንያቱን ሲጠየቁ በመጀመሪያ «ጊዜ አጣሁ» አሉ። ኋላ ግን እውነተኛውን ነገር ገለጹ። የመጨረሻ ልጃቸውን ከፀነሱ ጀምሮ በሁለቱ ጉንጮቻቸው ላይ ማድያት ወጥቶባቸው ነበር። የዚያ ቤት ግድግዳ መስተዋት፣ ጣሪያው መብራት በመሆኑ፣ ራሳቸውን ባዩ ቊጥር ሌላው ሰው ሁሉ ጉንጫቸውን የሚመለከት እየመሰላቸው አፈሩ። በክፍላቸው በ60 ተማሪዎች ፊት ያለ ፍርሀት የሚቆሙ ሴት በ10 እንግዳ ሰዎች መካከል መቆም አቃታቸው። በመጨረሻም «ማድያቱን የሚሸፍን ጥቂት ቅባት ብቀባ ነውር ይሆንብኛልን? ቆዳዬንስ ይጎዳዋልን?» ብለው ጠየቁ።

ይህ ጥያቄ ለአንባቢው ተራ መስሎ እንዳይታየው እናሳስባለን። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በየሳምንቱ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ በመካከለኛ ኀይል ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ መክሯል። እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፤ ልብን ያጠነክራል፤ የስኳር በሽታን ለመከላከል ይረዳል። ስለዚህ አንድ ሰው በፊቱ ምልክት አፍሮ ከእንቅስቃሴ ቢቀር፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በፊቱ ላይ ሳይሆን በልቡና በደም ሥሮቹ ላይ ነው።

ላብና ወዝ የተለያዩ ስለ መሆናቸው

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ የቆዳን ሥራ መመልከት ያስፈልጋል። በሰው ቆዳ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ የላብ ዕጢዎች ይገኛሉ። ሰውነት በሥራ ሲግል ከነዚህ ዕጢዎች ጨው ያለበት ውሃ እየመነጨ በቆዳ ላይ ይወጣል፤ በሚተንበትም ጊዜ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ቢተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ የሚሆን ሙቀት ይወስዳል። እንግዲህ ላብ የሰውነት ማቀዝቀዣ ነው እንጂ እንደሚባለው ቈሻሻ አይደለም።

ከላብ ዕጢዎች ሌላ ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ። እነዚህ በጠጉር ሥር አጠገብ ተቀምጠው፣ ጠጉሩ በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል ወዛቸውን ወደ ውጭ ያወጣሉ። ወዝ ቆዳን ያለሰልሳል፤ እንዳይሰነጣጠቅም ይጠብቃል። ነገር ግን የሞተ ቆዳ ቅርፊትና ወፍራም ቅባት ቀዳዳውን ሲደፍኑት ወዙ መውጫ ያጣል፤ በውስጡም በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ስፍራው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግልም ይቋጥራል። ብጉር የምንለው ይኸው ነው። ስለዚህ ብጉር የሚመጣው ላቡ በመብዛቱ ሳይሆን የወዙ መንገድ በመደፈኑ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ከዚህ የተነሣ «የተቀባ ቆዳ መተንፈስ አቅቶት ይበሰብሳል» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። ቆዳ እንደ ሳንባ አይተነፍስም፤ ከላይኛው ስስ ሽፋን በቀር ኦክሲጅን የሚያገኘው ከደም ነው። በ2024 በታተመ አንድ ጥናት 43 ጤናማ የኮሌጅ ተማሪዎች ግማሽ ፊታቸውን «ፋውንዴሽን» የሚባለውን የፊት መደብ ቅባት ተቀብተው፣ ግማሹን ባዶ ትተው በመሮጫ መኪና ላይ ለ20 ደቂቃ እንዲሮጡ ተደርጎ ነበር። ከሩጫው በኋላ ሲለካ የሁለቱም ወገን እርጥበት ጨምሮ ተገኘ፤ የተቀባው ወገን እርጥበት ግን ከባዶው በለጠ። ይህም ቅባቱ ላቡ ቶሎ እንዳይተን እንደ ያዘው ያመለክታል።

ጥናቱ በጥቂት ወጣቶች ላይ፣ ለአጭር ጊዜ የተደረገ ስለ ሆነ ለሰው ሁሉ ፍርድ ሊሆን አይችልም። ቢሆንም ነገሩ የሚታየው በመጠን መሆኑን ያስተምረናል። ስስ ሽፋን ለአንድ ሰዓት ሥራ ቆዳን አያጠፋም፤ ከላቡ ጋር ተለውሶ ለሰዓታት የሚቆይ ወፍራም ሽፋን ግን የወዙን መንገድ ይዘጋል። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የተባለው ተረት የሚደርሰው ልክ በታለፈበት ስፍራ ነው።

እውነተኛው ጉዳት ከየት ይመጣል?

ፊትን ጥቂት መቀባቱ ራሱ የሚያስፈራ ነገር ካልሆነ፣ ጉዳት የሚያመጣው ምንድር ነው? በአራት ከፍለን እናስረዳለን።

1ኛ፤ የጠጉር ቅባት። ብዙ ሰው በግንባሩ ላይ ብጉር ሲወጣበት የሚከሰው የፊቱን ቅባት ነው። ነገር ግን ጠጉሩን ቅቤ ወይም ሌላ ወፍራም ቅባት የተቀባ ሰው በሚያልበው ጊዜ፣ ቅባቱ ከላቡ ጋር ቀልጦ ወደ ግንባርና ወደ ጆሮ ግንድ ይወርዳል። በዚያም የጠጉሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል። በጠጉር ዳርቻ ተሰልፎ የሚወጣ ብጉር ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ ቅቤ የመቀባቱን ቀን ሰውነትን ከማንቀሳቀስ ቀን መለየት፣ ወይም በግንባር ላይ መጥመጊያ ማሰር ይበጃል።

2ኛ፤ የዐይን መኳኳያ። «እኳላለሁ ብላ ዐይኗን አጠፋች» የሚለው ተረት በእውነት የደረሰበት ዘመን ነበር። በ1933 በአሜሪካ «ላሽ ሉር» የሚባል የሽፋሽፍት ማጥቈሪያ ቀለም የተቀቡ ሴቶች ዐይናቸው ቈስሎ ብርሃናቸውን እስከ ማጣት ደርሰው ነበር፤ ሕይወቷን ያጣችም ነበረች። ቀለሙ ፓራፌኒሊንዲያሚን የሚባል ኃይለኛ ንጥረ ነገር ነበረበት። የዚህን የመሰለ ጉዳት መታየቱ በ1938 በዚያ አገር የመኳኳያ ዕቃዎችን የሚቈጣጠር ሕግ እንዲወጣ ከረዱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

በእኛ አገር ይበልጥ ልናስብበት የሚገባው የኩል ነገር ነው። በገበያ ከሚሸጠው ኩል አንዳንዱ የሚፈጨው ጋሌና ከሚባለው እርሳስ ካለበት ድንጋይ ነው። እርሳስ በሰውነት ውስጥ ሲከማች መርዝ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው። እናቲቱ ላቧን በእጇ ጠርጋ፣ በዚያው እጅ ልጇን ብታጎርስ መርዙ ወደ ልጁ አፍ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከምን እንደ ተሠራ የማይታወቅ ኩል ተኩሎ ላብ ወደሚያፈስስ ሥራ መሄድ አይገባም። ሕፃናትንም መኳል ፈጽሞ መቅረት አለበት።

ኩሉ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ብልቃጡንና መኳያ እንጨቱን መዋዋስ ሌላ ጉዳት ያመጣል። ትራኮማ በአገራችን ብዙ ሰው ያሳወረ በሽታ መሆኑን መምህራን ሁሉ ያውቃሉ። ይህ በሽታ ከታመመው ሰው ዐይን የሚወጣው ፈሳሽ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ አማካይነት ወደ ጤነኛው ዐይን ሲደርስ ይተላለፋል። አንዱ ዐይን የነካው እንጨት ሌላውን ዐይን ሲነካ፣ ፈሳሹን በእጃችን አንሥተን እንደ መውሰድ ይቈጠራል። ማስካራ የሚባለውም የሽፋሽፍት ቀለም እንዲሁ ነው።

3ኛ፤ ቆዳ የሚያቀላ ቅባት። መምህርቲቱ ማድያታቸውን በጥቂት ቅባት ለመሸፈን ማሰባቸው አስተዋይነት ነው። ብዙዎች ግን ከመሸፈን አልፈው «በሳምንት ውስጥ ያጠፋል» የሚባል ቅባት ከሱቅና ከመንገድ ዳር ይገዛሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ያለባቸው ናቸው፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። በ2013 የወጣው የሚናማታ ስምምነት ከ1 ሚሊዮን እጅ 1 እጅ የሚበልጥ ሜርኩሪ ያለባቸው መኳኳያዎች ከ2020 ወዲያ እንዳይሠሩና በአገሮች መካከል እንዳይነገዱ ደንግጎ ነበር። በ2023 ደግሞ ተዋዋዮቹ አገሮች ሜርኩሪ የተጨመረበት መኳኳያ ሁሉ፣ መጠኑ ምንም ቢያንስ፣ ከ2025 በኋላ እንዲቀር ወሰኑ። ሌሎቹ ቅባቶች ሐኪም ሳያዝዝ ሊቀቡ የማይገባቸው የስቴሮይድ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለረዥም ጊዜ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ። በዕቃው ላይ የሠሪው ስምና የተቀመመበት ነገር ያልተጻፈበትን፣ ወይም «ሜርኩሪ» ወይም «ካሎሜል» የሚል ቃል ያለበትን ቅባት መግዛት አይገባም።

4ኛ፤ ፎጣና እጅ። በሰውነት ማጠንከሪያ ቤት ብረቱን፣ መቀመጫውንና ምንጣፉን ብዙ ሰው ይነካዋል። በዚያ እጅ ፊትን መዳበስ፣ መቀመጫ በተጠረገበትም ፎጣ ፊትን ማሸት፣ ጭርትንና ቈስል የሚያመጡ ተሕዋስያንን ወደ ፊት ያደርሳል። ቆዳው በፎጣ በኀይል ሲታሽ ደግሞ ያለው ብጉር ይባባሳል። ብዙ ጊዜ በመኳኳያው የሚሳበበው ጥፋት በእውነቱ የፎጣው ጥፋት ነው።

ስለ ኀፍረትና ስለ ሰው ዐይን

ቆዳውን እስካሁን በተናገርነው ትተን፣ ወደ መምህርቲቱ ኀፍረት እንመለስ። ሰው ሁሉ የሚመለከተኝ እኔን ነው ብሎ ማሰብ የብዙ ሰው ጠባይ መሆኑ በምርምር ተገልጧል። በ2000 ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ ያሳተሙት በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ፈተና ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። አንድ ተማሪ የሚያሳፍረውን፣ የአንድ ዘፋኝ ሥዕል የታተመበትን ካናቴራ ለብሶ ሌሎች ተማሪዎች ወደ ተቀመጡበት ክፍል እንዲገባ ይደረጋል። ከዚያ «ከነዚህ ሰዎች ስንቱ ሥዕሉን ያስተዋለ ይመስልሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። የለበሱት ተማሪዎች ከተቀመጡት ግማሽ ያህሉ ያየ መሰላቸው። ተቀምጠው የነበሩት ሲጠየቁ ግን ያስተዋሉት ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚያየን ሰው እኛ እንደምንገምተው ብዙ አለመሆኑን ነው። በሰውነት ማጠንከሪያ ቤት ያለው ሰው በየራሱ ትንፋሽ፣ በየራሱ ክንድ፣ በየራሱ ኀፍረት ተይዟል። ይሁን እንጂ ይህን ማወቅ ብቻውን ኀፍረትን ከልብ አያወጣውም። ሰው ከልማድ በኋላ እንጂ ከመጽሐፍ በኋላ አይደፍርም። አንዲት ሴት ማድያቷን ወይም የብጉር ጠባሳዋን በጥቂት ሸፍና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብትሻገር፣ መኳኳያው እንደ ምርኩዝ አገልግሏታል። ምርኩዝ ይዞ መሄድ ቤት ከመቀመጥ ይሻላል።

ይህ ማለት መኳኳያ ኀይል ይጨምራል፣ ወይም የተቀባች ሴት ካልተቀባችው ትበልጣለች ማለት አይደለም። በ1960 አበበ ቢቂላ በሮም የማራቶንን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ በእግሩ ጫማ እንኳ አልነበረም። በ1988 ደግሞ አሜሪካዊቷ ፍሎረንስ ግሪፊት ጆይነር ፊቷን ተኳኩላ፣ ረዣዥም ጥፍሮቿን ቀለም ቀብታ ሮጠች። በዚያው ዓመት 100 ሜትርን በ10.49፣ 200 ሜትርን በ21.34 ሴኮንድ የፈጸመችበት ክብረ ወሰን ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ አልተሰበረም። ያሸነፈው የአበበ ባዶ እግርም የፍሎረንስ ቀለምም አይደለም፤ የብዙ ዓመት ልምምድ ነው። ነገር ግን የአንዱ ባዶ እግር እንዳልጎዳው ሁሉ የሌላይቱም ቀለም ከሩጫዋ አላስቀራትም።

ምርኩዙ ወደ ቊልፍ የሚለወጥበትም ጊዜ አለ። አንዲት ሴት ቅባቷ ባለቀበት ቀን ከልምምድ የምትቀር ከሆነ፣ ወይም ለመቀባት የምትፈጀው ጊዜ ለልምምድ ከመደበችው የሚበልጥ ከሆነ፣ ላብ ያበላሽብኛል ብላም ሥራውን የምታቀል ከሆነ፣ መኳኳያው አገልጋይ መሆኑን ትቶ ጌታ ሆኖባታል። በዚህ ጊዜ በየሳምንቱ እየቀነሱ መሄድን እንመክራለን። በመስተዋት ፊት መቆም የከበዳቸውም በመጀመሪያው ሰሞን ሰው በማይበዛበት ሰዓት ቢሄዱ፣ ወይም ከወዳጅ ጋር ቢሄዱ ይቀላቸዋል።

ሊደረግ የሚገባው

ከልምምድ በፊት፤ በቅድሚያ እጅን፣ ቀጥሎ ፊትን በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ከትናንት የቀረ ቅባት ላይ ደርቦ መቀባት ከሁሉ የከፋ ነው። ቆዳው ከደረቀ በኋላ ምልክቱ ባለበት ስፍራ ብቻ ስስ አድርጎ መቀባት በቂ ነው፤ ፊትን በሙሉ መለሰን አያስፈልግም። በላዩ ዱቄት መደራረብ፣ የዐይን ቆብ ውስጠኛ ጠርዝን መኳል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሌላውን ሰው አስም የሚቀሰቅስ ኃይለኛ ሽቶ መርጨት አይገባም። ረዥም ጥፍርም ብረት ሲነሣ ስለሚሰበርና በሥሩ እድፍ ስለሚይዝ ቢያጥር ይመረጣል።

ልምምዱ በሜዳ ወይም በመንገድ የሚደረግ ከሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከቀለሙ ይቀድማል። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ማድያት በፀሐይ የሚባባስ በመሆኑ፣ ማድያት ላለበት ሰው ከሁሉ የሚሻለው የቆዳን መልክ የያዘ፣ የብረት ኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው። ይህ ቅባት ምልክቱን እየሸፈነ ከሚያባብሰው ብርሃንም ይከላከላል። ቊጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባል፤ በየ2 ሰዓቱና ብዙ ላብ ካፈሰሱም በኋላ ይታደሳል።

በልምምድ ጊዜ፤ ሁለት ፎጣ መያዝ ይበጃል፤ አንዱ ለመቀመጫው፣ አንዱ ለፊት። ላቡን በፎጣ ዳበስ እያደረጉ መምጠጥ ነው እንጂ ማሸት አይገባም። በላብ ላይ ደግሞ መቀባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ቀለሙ ቢለቅ ይልቀቅ፤ ላቡን ግን ለቀለሙ ሲሉ አያግዱት።

ከልምምድ በኋላ፤ ሳይቈዩ ፊትን መታጠብ ይገባል። ውሃ የማይለቀው ማስካራ በውሃ ብቻ ስለማይነሣ፣ ለዚሁ በተሠራ ማስለቀቂያ በቀስታ ይነሣል እንጂ ዐይን አይታሽም። ውሃ በማይመጣበት ቀን በጠርሙስ የተያዘ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ለፊት ይበቃል። «ማታ እታጠባለሁ» ብሎ ላቡንና ቅባቱን ይዞ ወደ ሥራ መሄድ ግን ብጉርን ጠርቶ ማስገባት ነው።

ስለ ዕቃዎቹ፤ ማስካራ ከተከፈተ ከ3 ወር በኋላ መጣል አለበት። የደረቀውን በምራቅ ማርጠብ አይገባም። ዐይን የታመመ ሰው እስኪድን አይኳልም፤ ሲታመም የተኳለበትንም ዕቃ ይጥለዋል። መቀቢያ ብሩሽና ስፖንጅ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙና ታጥበው ይደርቃሉ። ለእኅትም ለጓደኛም አይዋሱም። አዲስ ቅባት በፊት ላይ ከመዋሉ በፊት በክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ተቀብቶ ይፈተናል። በዕቃው ላይ የሚጻፈውን ማሞገሻ ሁሉ ማመንም አይገባም፤ በአሜሪካ እንኳ «አለርጂ አያስነሣም» የሚለው ቃል ነጋዴው የሚጠቀምበት እንጂ ሕግ ትርጓሜ የሰጠው አይደለም። ፊት ቢያሳክክ፣ ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ ዐይንም ፈሳሽ ቢያወጣ ቅባቱን ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

ለመምህራንና ለቤቶቹ ባለቤቶች

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚነካው ፊታቸው ብጉር የጀመረውን ልጃገረዶችና ጐረምሶች ነው። በአካል ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ «ሆዴን አመመኝ» እያለ የሚቀር ተማሪ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት አይቻልም፤ በጓደኞቹ ፊት መታየቱን የፈራ ሊሆን ይችላል። የትምህርት ቤቱ ደንብ መኳኳልን የሚከለክል ከሆነ ደንቡ ይከበራል። ነገር ግን ልጅቱን በተማሪዎች ፊት አቁሞ «ፊትሽን ጥረጊ» ማለት የሚጠርገው ቀለሙን ብቻ አይደለም። ለብቻዋ ጠርቶ ስለ ንጽሕናው ማስረዳት፣ የኩል እንጨት እንዳትዋዋስ መምከር፣ ብጉሩም የከፋ ከሆነ ወደ ሐኪም መላክ የመምህር ተግባር ነው።

የሰውነት ማጠንከሪያ ቤት ያላቸውም ሰዎች ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እናሳስባለን። አንደኛው፣ ከመስተዋትና ከመብራት አስቀድመው የእጅና የፊት መታጠቢያ ከነሳሙናው ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው፣ በመልኩና በሰውነቱ ሰውን የሚያሾፍ ሰው በቤታቸው ውስጥ እንዳይኖር መጠበቅ ነው።

ከላይ የተናገርንላቸው መምህርት ይህንኑ ምክር ተቀብለው ተመልሰው ሄደዋል። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ይለማመዳሉ፤ የደም ግፊታቸውንም ሐኪማቸው እየተከታተለ ነው። ጉንጫቸውን በጥቂቱ መቀባታቸውን አልተዉም፤ እኛም ተዉ አላልናቸውም። የምንለምናቸው ሲጨርሱ ፊታቸውን እንዲታጠቡ፣ ማስካራቸውንም ለማንም እንዳያውሱ ብቻ ነው። አንባቢዎቻችንም ይህንኑ ለቤተ ሰባቸውና ለተማሪዎቻቸው እንዲያስተምሩልን አደራ እንላለን።